ቅዱስ ቶሪቢዮ ሮሞ፦ የስደተኞች ወዳጅ የሆነ ሰማዕት

ከሜክሲኮ ተነሥተው ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ከሚሰደዱት ካቶሊካውያን መካከል ብዙዎች ከመቍጠሪያቸውና ከጓዳሉፔ እመቤታችን ሥዕል ጋር የአንድን ወጣት ካህን ምስል ይዘው ይጓዛሉ። ይህም ካህን ቅዱስ ቶሪቢዮ ሮሞ ነው። በዚህ እትማችን የዚህን ሰማዕት ሕይወት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በአጭሩ ልናቀርብ ወደናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶሪቢዮ ሚያዝያ 16 ቀን 1900 በሃሊስኮ ክፍለ ሀገር በሃሎስቶቲትላን ወረዳ ሳንታ አና ደ ጓዳሉፔ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ፓትሪሲዮ ሮሞና ሁዋና ጎንዛሌዝ መሬት አርሰው የሚኖሩ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ድሆች ነበሩ። ልጁ ለትምህርት ያለውን ዝንባሌ ቀድማ ያስተዋለችው ታላቅ እኅቱ ማሪያ ናት። ቤተሰቡ በእርሻ የሚያግዝ እጅ ቢያስፈልገውም እርሷ ግን ወንድሟ ወደ ዘርዐ ክህነት እንዲገባ አበረታታችው። በዚህም ምክንያት ገና በልጅነቱ በሳን ሁዋን ደ ሎስ ላጎስ ትምህርቱን ጀመረ፤ ከዚያም በ1920 ወደ ጓዳላሃራ ዘርዐ ክህነት ተዛወረ።

በእነዚያ ዓመታት የአካባቢው ወጣቶች ሥራ ፍለጋ መንደራቸውን እየለቀቁ ወደ ሰሜን ይጎርፉ ነበር። ካህናቱም ስደቱ ቤተሰብን የሚበትንና እምነትን የሚያቀዘቅዝ መስሎ ስለታያቸው ሕዝቡን ይመክሩት ነበር። ተማሪው ቶሪቢዮም ይህንኑ አሳብ በመያዝ ወደ ሰሜን ስለ መሄድ የሚናገር አጭር አስቂኝ ቴአትር በ1920 ጻፈ። በቴአትሩም አገሩን ንቆ በባዕድ አገር ልማድ የሚኩራራውን ስደተኛ ነቀፈ። የኋላ ኋላ የስደተኞች አማላጅ ተብሎ የሚጠራው ሰው በወጣትነቱ ስደትን የሚቃወም መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

በታኅሣሥ 23 ቀን 1922 ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለ በልዩ ፈቃድ ማዕረገ ክህነትን ተቀበለ። የመጀመሪያ ቅዳሴውንም በጥር 1923 በተወለደባት መንደር ሠዋ። ከዚያ በኋላ በሳዩላ፣ በቱክስፓን፣ በያዋሊካና በኩኪዮ ቁምስናዎች እየተዘዋወረ አገለገለ። በደረሰበት ስፍራ ሁሉ ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስን ማስተማርና የሠራተኞችን ኑሮ መከታተል ዋና ተግባሩ ነበር።

ነገር ግን የመከራ ዘመን እየቀረበ ነበር። በ1917 የወጣው የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን መብት እጅግ ያጠበበ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ፕሉታርኮ ኤሊያስ ካዬስ በ1926 ሕጉን በብርቱ ቅጣት ማስፈጸም ጀመረ። ጳጳሳቱም በዚሁ ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ በአብያተ ክርስቲያናት የሚደረገው የአደባባይ አምልኮ እንዲቋረጥ ወሰኑ። ብዙ ገበሬዎች መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ፤ ይህም እስከ 1929 የዘለቀው የክሪስቴሮዎች ጦርነት ነው። አባ ቶሪቢዮ ግን መሣሪያ አላነሣም። ሌሊት ሌሊት በየቤቱና በየሸለቆው እየተደበቀ ያጠምቅ፣ ያናዝዝና ይቀድስ ነበር እንጂ።

በ1927 የቴኪላን ቁምስና እንዲያገለግል ታዘዘ። ከተማው ለካህን አደገኛ ስለ ነበር አጓ ካሊየንቴ በተባለ ሸለቆ ውስጥ በተተወ የመጠጥ ፋብሪካ ተጠለለ። እኅቱ ማሪያ ቤቱን እያሰናዳች፣ በቅርቡ ካህን የሆነው ታናሽ ወንድሙ ሮማንም በአገልግሎት እየረዳው አብረውት ነበሩ። በ1928 የዐቢይ ጾም መጀመሪያ በሆነው የዐመድ ረቡዕ ለወንድሙ ተናዘዘና ወደ ጓዳላሃራ እንዲሄድ አዘዘው።

የካቲት 24 ቀን የቁምስናውን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ሲያስተካክል አምሽቶ አደረ። ንጋት ላይ ሊቀድስ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ድካም ስላሸነፈው ጥቂት ሊያርፍ ተኛ። የካቲት 25 ቀን ማለዳ ወታደሮችና ታጣቂ ገበሬዎች ቤቱን ሰብረው ገቡ። ካህን መሆኑን አልካደም። ተኩሰው አቆሰሉት፤ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ እንደ ተራመደም ዳግመኛ ተኮሱበት። በእኅቱ ክንድ ላይ ወድቆ ነፍሱን ለፈጣሪው ሰጠ። ዕድሜውም ሃያ ሰባት ዓመት ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ አጽሙ ወደ ሳንታ አና ፈልሶ እርሱ ራሱ ባሠራው ቤተ ጸሎት አረፈ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ኅዳር 22 ቀን 1992 ብፅዕናውን፣ ግንቦት 21 ቀን 2000 ደግሞ ከቅዱስ ክሪስቶባል ማጋያኔስና ከሌሎች ሃያ ሦስት ሰማዕታት ጋር ቅድስናውን አወጁ። በዓላቸውም በየዓመቱ ግንቦት 21 ቀን ይከበራል።

ከጊዜ በኋላ በስደተኞች ዘንድ አንድ ነገር በሰፊው መነገር ጀመረ። በድንበሩ በረሓ ውኃ ጥም የጸናባቸውና መንገድ የጠፋባቸው ሰዎች አንድ ወጣት እንደ ተገለጠላቸው፣ ውኃና ምግብ ሰጥቶ ሥራ የሚያገኙበትን ስፍራ እንዳመለከታቸው ይተርካሉ። ዋጋ አልተቀበላቸውም፤ ሲመቻቸው ግን ሳንታ አና መጥተው እንዲጠይቁት ብቻ ነገራቸው ይባላል። እነርሱም ወደ መንደሪቱ መጥተው ሥዕሉን በቤተ ጸሎቱ ባዩ ጊዜ የረዳቸው ሰው እርሱ መሆኑን ዐወቁ ይላሉ።

ቤተ ክርስቲያን ቅድስናውን ያወጀችው ስለ ሰማዕትነቱ እንጂ ስለዚህ ትረካ አይደለም። ይሁን እንጂ የሕዝቡን እምነት አትንቅም። በዚያ አገር ከአደጋ የዳነ ሰው የዳነበትን ሁኔታ በትንሽ ቆርቆሮ ላይ አሥሎ በቤተ መቅደስ ማኖሩ የቆየ ልማድ ነው፤ የስደተኞችም ሥዕሎች በሳን ሁዋን ደ ሎስ ላጎስ ይገኛሉ። ወደ ሳንታ አናም ብዙ ሕዝብ ለመሳለም ይመጣል። በ2014 የአጽሙ ክፋይ ወደ ሎስ አንጀለስ ሀገረ ስብከት ተወስዶ፣ ወደ አገራቸው ለመመለስ ያልቻሉት ስደተኞች በያሉበት ቁምስና ተሳለሙት።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? ቶሪቢዮ ሕዝቡ እንዳይበተን ይመኝ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ረኃብና ጦርነት ስለ ገፋው ተሰደደ። የፈራው የእምነት መጥፋት በሁሉ ላይ አልደረሰም፤ ብዙዎች በባዕድ ምድርም ጸሎታቸውንና በዓላቸውን ጠበቁ፤ እርሱንም ይዘውት ሄዱ። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ታሪኩን ለልጆች በሚያስተምሩበት ጊዜ ከበረሓው ትረካ አስቀድመው ያን የመጨረሻ ሌሊት እንዲያስረዱ እናሳስባለን። ካህኑ ያን ሌሊት የሕዝቡን ስም አንድ በአንድ በመዝገብ ሲጽፍ አመሸ። ከየቤተሰባችን ርቀው በባዕድ አገር ያሉትን ልጆቻችንንም በየስማቸው እየጠራን በጸሎታችን እናስባቸው። የቅዱስ ቶሪቢዮ አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን።