ፈቃድ ሰጪውስ?

ሮዶልፎ ግራዚያኒ በ1874 ዓ.ም. ጣሊያን ውስጥ ተወለደ። ሊቢያ ውስጥ ሕዝቡን ከነቤተሰቡ በሽቦ በታጠረ ካምፕ አጎረ፤ ብዙ ሺህ ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ። ሙጃሂዱ ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርም በመስከረም 1924 ዓ.ም. በስቅላት ሸሂድ ሆኑ።

ወደ አገራችን የመጣው ይህንኑ ልማዱን ይዞ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ እስረኞች በትእዛዙ ተረሸኑ። ሌሎች ሶማሊያ ውስጥ ወደነበረው የዳናኔ እስር ቤት ተጋዙ፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ።

በ1942 ዓ.ም. የአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ፈረደበት። ጥፋቱ ግን ከጀርመኖች ጋር ማበሩ ነበር እንጂ የሊቢያና የኢትዮጵያ ደም አልነበረም። በወራት ውስጥ ተፈትቶ በ1947 ዓ.ም. ሞተ።

ወገኖች ሆይ! ገራፊው ተይዞ ፈቃድ ሰጪው ከታለፈ ግፍ አይቆምም። ሹም በአኺራ አላህ ፊት መቆሙ አይቀርም፤ በዱንያ ማስጠየቁ ግን የእኛ አማና ነው።