ኃላፊነትና ሥልጣን፦ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ የመንግሥት አገልግሎት

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ (1904–1967 ዓ.ም.) የኢትዮጵያን የጠቅላይ ሚኒስትርነት ማዕረግ ከሚያዝያ 1953 እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስ ይዘው ቆይተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የአገሪቱን የውጭ ግንኙነት ከቀረጹት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወታቸውን ዐበይት ምዕራፎች በመከተል፣ በዲፕሎማሲ ያስመዘገቡት ውጤት በአገር ውስጥ አስተዳደር ለምን እንዳልተደገመ ይመረምራል።

አክሊሉ የቡልጋ ተወላጅ የሆኑ የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ነበሩ። ወንድማቸው መኮንን ሀብተወልድም በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከታወቁት ሚኒስትሮች አንዱ ሆነዋል። አክሊሉ በእስክንድርያ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በፓሪስ የከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለዋል። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ በፓሪስ ሌጋሲዮን ያገለግሉ ስለነበር፣ የአገራቸውን ጉዳይ በባዕድ ምድር ማስረዳትን በወጣትነታቸው ለመዱ።

ከነፃነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር፣ ቀጥሎም ሚኒስትር ሆኑ። በሰኔ 1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በሳን ፍራንሲስኮ ሲፈረም ስለ ኢትዮጵያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። በፓሪሱ የሰላም ጉባኤም የኤርትራንና የባሕር በርን ጥያቄ አቅርበው ተከራክረዋል። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ጣሊያን በቅኝ ግዛቶቿ ላይ ያላትን መብት ተወች፤ የኤርትራ ዕጣ ግን በአራቱ ኃያላን መንግሥታት መካከል ስምምነት በመታጣቱ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ። ጉባኤው በኅዳር 1943 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ፤ ውሳኔውም በመስከረም 1945 ዓ.ም. ተፈጸመ። በብሪታንያ አስተዳደር ሥር የነበረው የሐውድ ምድር በኅዳር 1947 ዓ.ም. ስምምነት የተመለሰውም አክሊሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ነው። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድና የሚኒስትሩ ዕውቀት ወደ አንድ ግብ ያመሩ ነበር።

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በተነሣ ጊዜ አክሊሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በብራዚል ጉብኝት ላይ ነበሩ። ወንድማቸው መኮንን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል ነበሩ። አክሊሉ ወራት ሳይቆዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱንም እንደያዙ ቀጠሉ። ይህ የሥልጣን ድርብነት የማዕረጉን ጠባይ በሚገባ ያሳያል። ጸሐፌ ትእዛዝ ማኅተም ጠባቂና የንጉሠ ነገሥቱን ቃል በነጋሪት ጋዜጣ የሚያወጣ ሹም ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በአመዛኙ ትእዛዝ አስተላላፊ እንጂ ፖሊሲ አመንጪ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ፣ በድርድር ያስገኙት ሥርዓት በራሳቸው የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን መፍረሱን ማየት ግድ ሆነባቸው።

በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርቡ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የመሬት ይዞታ ማሻሻያ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ሆኖም የመጨረሻው ውሳኔ ከቤተ መንግሥት አልወጣም፤ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበው ሕግም የመሬት ባለቤቶች ከበዙበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። የመኳንንቱ ወገን አክሊሉን በጥርጣሬ ያያቸው ነበር፤ ተማሪዎችና ወጣት ምሁራን ደግሞ የአሮጌው ሥርዓት ምሰሶ አድርገው ይቈጥሯቸው ጀመር።

የወሎ ረኃብ፣ የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ እንዲሁም ከነገሌ የተነሣው የወታደሮች ዐመፅ በ1966 ዓ.ም. በአንድነት ሲመጡ፣ ካቢኔው በየካቲት 20 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። በምትካቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ። አክሊሉ ከታሰሩ በኋላ ለመርማሪ ኮሚሽኑ የሥራ ዘመናቸውን የሚተርክ ማስታወሻ ጻፉ። ነገር ግን ጉዳያቸው በፍርድ ቤት ሳይታይ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 ከሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኰንኖች ጋር በጥይት ተገደሉ። ተተኪያቸው ልጅ እንዳልካቸውም ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ።

የአክሊሉን ዘመን ሲገመግሙ ሁለት ነገሮችን አለማደባለቅ ይገባል። ለ13 ዓመታት ያህል በሥልጣን ላይ የቆየ ሰው፣ ማዕረጉ አቅም እንደሌለው እያወቀ በመቀጠሉ ከታሪክ ተጠያቂነት አያመልጥም። ይሁን እንጂ ተጠያቂነቱ የሚመዘነው በእጁ በነበረው ሥልጣን ልክ ነው። ይህን መመዘን የፍርድ ሥራ ነበር፤ ፍርዱ ስላልተካሄደ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ኃላፊነት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በሕግ ሳይመረመር ቀረ። የዘውዳዊውን ዘመን አስተዳደር የሚያጠና ተመራማሪም ማስታወሻቸውን ማንበብ ያለበት፣ ክሱ በውል ያልተነገረው ሰው እንዳቀረበው መከላከያ ጭምር ነው።