በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት፤ ፓርቲ ያልነበረበት ምክር ቤትና ወገንተኝነት

ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በቀጨኔ ሰፈር በሥራ ቀን ስናልፍ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ሸክላ ሠሪዋም ጭቃዋን ስታቦካ እናያለን። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲፈረም ለእነዚህ ባለሙያዎች በምክር ቤት የሚናገርላቸው ማን ነበር? ይህን ጥያቄ ይዘን ሕጉን ያረቀቁትን የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ሕይወት እንመልከት።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በ1888 ዓ.ም. ከጦሩ ጋር ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉም በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው ተመለሱ። በ1910ዎቹ ዓመታት ፋቡላ የተባለውን ቴያትር ደረሱ። የአራዊትን ተረት ምክንያት አድርገው የሹማምንቱን ብልሹነት ስለ ነቀፉበት በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ።

በዚያን ዘመን ፓርቲ የሚባል ነገር በአገራችን አልነበረም። ወገን ግን አልታጣም። ሹም ሁሉ የንግሥቲቱ ሰው ወይም የአልጋ ወራሹ ሰው እየተባለ በጌታው ይታወቅ ነበር። በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይሻሩ ቢል፣ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ተሻሩ። ሕዝብ ግን ማንን እንደሚፈልግ የጠየቀው አልነበረም።

ተክለ ሐዋርያት በ1923 ዓ.ም. የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው ሕጉን አረቀቁ። በረቂቁ ክርክር ጊዜ ከመኳንንቱ ወገን የግዛት ሹመት ከአባት ወደ ልጅ እንዲወርድ የሚሹ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ይህን ተቃወሙ። 55 አንቀጾች ያሉት ሕግ ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ይመርጡ ነበር። ስለዚህ ከቀጨኔ ሸማኔ ድምፁን የጠየቀው አልነበረም። እንደራሴውም ዓይኑን የሚያቀናው ወደ መረጠው ጌታ እንጂ ወደ ሕዝቡ አልነበረም።

ተክለ ሐዋርያት በ1928 ዓ.ም. በዤኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ጣልያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ ግን ተሰደዱ፤ አያሌ ዓመታትንም በማዳጋስካር ኖሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ ወንዶችና ሴቶች የመምረጥን መብት ሰጠ። ለመመረጥ ግን ሀብት ያስፈልግ ነበር፤ ፓርቲም አልተፈቀደም። ፓርቲ ባይኖርም ወገንተኝነት አልቀረም፤ በዘመድና በደጅ ጥናት ተሸሽጎ ኖረ። ሐሳብ በግልጽ ተደራጅቶ መከራከርን ስላልለመደ፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲፈነዳ የተወለዱት ድርጅቶች ክርክራቸውን በምክር ቤት ሳይሆን በጎዳና በጥይት አደረጉት።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ይህን ሁሉ ለማየት ደረሱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ እሳቸውም ከተሞች በደም በራሱበት በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? ፓርቲ ባይኖር ወገንተኝነት ይጠፋል ማለት ስሕተት መሆኑን ነው። አንድ ፓርቲ ብቻውን ሲሆንም እንደዚያው ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ በገቡ ጊዜ፣ እንደራሴው የሚፈራው መራጩን ነው ወይስ ድርጅቱን? እኛ ወጣቶች፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት፣ የማን ሰው ነህ ተብለን ስንጠየቅ የምንሰጠውን መልስ ካሁኑ እናስብበት። የቀጨኔው ሸማኔ እንደራሴው የእርሱ ሰው የሚሆንለትን ቀን ሲጠብቅ ብዙ ዘመን አልፎበታል።