ሜጀር ላንስ፦ ሸክላው የማን ነው? የዘፋኙ ወይስ የዲጄው?

ዛሬ ደግሞ አገሩ አሜሪካ ረስቶት፣ እንግሊዞች እንደ ንጉሥ ስለተቀበሉት ድምፃዊ እናጫውታችኋለን።

ሜጀር የወታደር ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፤ የራሱ ስም ነው። ሚሲሲፒ ተወልዶ ያደገው ቺካጎ ነው። ወጣት ሳለ ቦክስ ሞክሯል፣ ቴሌቪዥን ላይም ጨፍሯል። ሰው ያወቀው ግን የልጅነት ጓደኛው ከርቲስ ሜይፊልድ በጻፈለት ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ዘ መንኪ ታይም የተባለው ዘፈኑ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ያዘ። በ1964 ደግሞ ሌላ ዘፈኑ 5ኛ ወጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ ሄዶ ሲዘፍን፣ ካጀቡት ልጆች መካከል ፒያኖ ላይ የነበረው ኋላ ኤልተን ጆን ተብሎ ዓለም ያወቀው ነው!

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። አሜሪካ ወደ ፈንክ አዘነበለች፣ የላንስም ገበያ ቀዘቀዘ።

በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ግን ወጣቱ አሁንም ፈጣኑን የ60ዎቹ ሶል ነበር የሚፈልገው። ኖርዘርን ሶል የሚሉት ይህንን ነው። ዲጄዎቹ ገዢ ያጡ የአሜሪካ ሸክላዎችን እያደኑ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፍሩ ነበር። አንዳንዶቹማ ተፎካካሪ እንዳያገኘው ብለው የዘፋኙን ስም በወረቀት ሸፍነው የውሸት ስም ይሰጡት ነበር። አሮጌ ሸክላ በውድ ሲሸጥም ገንዘቡ የሻጩ ነው፤ ዘፋኙ ጋ ሳንቲም አይደርስም።

ላንስ በአንድ ነገር ዕድለኛ ነበር፤ በቁሙ ደረሰበት። በ1972 እንግሊዝ ገባ። በዚያው ዓመት ስቶክ ኦን ትሬንት አካባቢ በነበረው ዘ ቶርች ክለብ ሲዘፍን ተቀረጸ፤ ቅጂውም ኋላ አልበም ሆኖ ወጣለት። እዚያ የጠበቁት ሰዎች ዘፈኖቹን በዲጄዎቹ እጅ ሲሰሙ የከረሙ ናቸው።

ጭብጨባ ግን እንጀራ አይሆንም። በ1974 ወደ አሜሪካ ተመለሰ፣ አትላንታም ኖረ። ሥራው አልቀና አለው። በ1978 ኮኬይን በመሸጥ ተፈርዶበት ለዓመታት ታሰረ። ከወጣ በኋላም በ1987 ልቡን ታመመ፣ የዓይኑ ብርሃንም ደከመ። በ1994 ክረምት መግቢያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ቺካጎ መድረክ ላይ ቆመ፤ በዚያው ዓመት መስከረም አረፈ። ልጁ ኪሻ ላንስ ቦተምስ በ2018 የአትላንታ ከንቲባ ስትሆን እሱ አላየም።

እኛ እንዲህ እንላለን፦ ዲጄው ባይቆፍር ኖሮ ሸክላው አቧራ ለብሶ ይቀር ነበር። ላንስ ባይዘፍን ግን የሚቆፈር ነገር ከየት ይመጣል? ዲጄው ለፈለገበት ይመስገን፤ ስሙን መሸፈን ግን ነውር ነው። ዘፋኝ ሌላው ሁሉ ቢቀርበት ስሙ ሊቀርለት ይገባል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጻፉልን።