ከእቴጌ ጣይቱ የምንማረው

በማኅበራችን የአመራር ምርጫ በደረሰ ቁጥር የምናየው ነገር አለ። ሒሳብ የምትይዘው፣ ብድር የምታስመልሰው፣ አባላትን የምታስታርቀው ወጣት እህታችን ለሊቀመንበርነት ስትጠቆም አንገቷን ደፍታ ሌላ ሰው ይሁን ትላለች። ችሎታ አላጣችም፤ የፈራችው የሰውን አፍ ነው። በዚህ እትም የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሕይወት ማስታወስ የፈለግነው ስለዚህ ነው።

ጣይቱ የሰሜንና የየጁ መሳፍንት ዘር ናቸው። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ በነበረበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ፍልውኃ አካባቢ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እርሳቸው ናቸው። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በጣሊያንኛው ቅጂ የአገሪቱን ነፃነት የሚነካ ሆኖ ሲገኝ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣም የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው ዘመቱ። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌ ምሽግ አልደፈር ሲል፣ ጠላት ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ መከሩ። ምንጩ ተያዘ፤ ምሽጉም በጥር ወር ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ሴቶችን አሰባስበው ለተጠማውና ለቆሰለው ወታደር ውኃ እንዲደርስ አደረጉ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም አመስጋኝ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ምኒልክ በጽኑ ሲታመሙና እቴጌይቱ ሹመት ሽረቱን በእጃቸው ሲያደርጉ ነው። መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያወጡና ባላቸውን እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እንጦጦ ተቀመጡ፤ በ1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

እውነቱን ለመናገር የመኳንንቱ ቅሬታ ሁሉ መሠረተ ቢስ አልነበረም። እቴጌይቱ ዘመዶቻቸውን በብዛት ይሾሙ ነበር፤ ይህም የሸዋን ሰዎች አስከፍቷል። ነገር ግን ዘመዱን የሾመ ወንድ መስፍን በዚያ ዘመን ሞልቶ ነበር፤ ወደ ጓዳ ግባ የተባለ ግን አልሰማንም።

እኛ ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። መሪ የምትሆን እህታችን ከዘመድና ከቅርብ ጓደኛ አልፋ የብዙዎችን ልብ ትያዝ፤ ሥራዋን የሚረከብ ሰውም ከወዲሁ ታሠልጥን። የመረጥናት እኛም ሐሜት ሲነሳ ብቻዋን አንተዋት። በመጪው ምርጫ የምትጠቆም ወጣት እንቢ ከማለቷ በፊት፣ ከአጠገቧ የተቀመጥነው እናቶችና እህቶች አለንልሽ እንበላት።