ሒሳብን ዘግይቶ የፈለገው ነጋዴ
(የአርቱር ራምቦ ሕይወት በሐረር)

በጀጎል ግንብ ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለውን ባለ ፎቅ ቤት የማያውቅ የሐረር ልጅ የለም። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ መንገድ ሲጠይቀን፣ ማታ ከሆነ ወደ ጅቦቹ፣ ቀን ከሆነ ወደዚሁ ቤት እንመራዋለን። ይሁን እንጂ ቤቱ አንድ የህንድ ነጋዴ ከራምቦ ዘመን በኋላ ያሠራው ነው ይባላል። ስለ ሰውየውም ብንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንመልሰው፣ የፈረንሳይ ባለቅኔ ነበረ የሚለውን ብቻ ነው። እውነት ነው፤ ግን ሐረር ሳለ የጻፈው ግጥም አልተገኘም። የተገኘው ደብዳቤና የንግድ ሒሳብ ነው። እኔም ዛሬ ላወራችሁ ያሰብሁት ስለ ባለቅኔው ሳይሆን፣ በከተማችን ሚዛን ፊት ቆሞ ሒሳብ ስለ ጐደለው ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አርቱር ራምቦ በ1854 ዓ.ም. ጥቅምት 20 ቀን በሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የእግረኛ ጦር ሻምበል ሲሆን ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ቤቱን ትቶ ሄደ፤ እናቱም ብርቱና ቍጡ ሴት ስለ ነበረች ልጆቿን በጥብቅ ሥርዓት አሳደገቻቸው። በትምህርት ቤት የላቲን ቅኔ ለመግጠም የሚወዳደረው አልነበረም፤ በ1869 ዓ.ም. በብዙ ትምህርት ቤቶች መካከል በተደረገ ውድድር የላቲን ቅኔ አንደኛ ሽልማት ተቀበለ። በሒሳብ ሰዓት ግን መምህሩ በጥቍር ሰሌዳው ላይ ሲደክም፣ እርሱ ከጠረጴዛው ሥር ለጓደኞቹ የላቲን የቤት ሥራ ይሠራላቸው ነበር ይባላል። ይህን ሳነብ በክፍላችን የማውቃቸው ሁለት ሦስት ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ስማቸውን ግን አልናገርም።

በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ከቤት እየጠፋ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ሎንዶንና ወደ ብራስልስ ተንከራተተ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸውን ግጥሞቹን ሁሉ የጻፈው ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው። ከዚያም ድንገት አቆመ። ያቆመበትን ምክንያት ብዙ ሊቃውንት ይከራከሩበታልና ለእነርሱ እንተወው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በ1875 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለአንድ የልጅነት ጓደኛው ደብዳቤ ጽፎ፣ የሳይንስ መልቀቂያ ፈተና ምን ምን እንደሚይዝና የትኛውን የሒሳብ መጽሐፍ ማጥናት እንደሚገባው ጠይቋል። ፈተናውን ግን ሳይወስድ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ጃቫ ድረስ በወታደርነት ሄዶ ከጦሩ ኮበለለ፤ በቆጵሮስም በድንጋይ መፍለጫ ቦታ የሠራተኞች አለቃ ሆነ። በ1880 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ኤደን ደርሶ በአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረ። ሥራውም የቡናውን ለቀማና ክብደት መቈጣጠር ነበር። ባርዴም ወዲያው በሐረር ቅርንጫፍ ስለ ከፈተ ራምቦን ወደዚያ ላከው። ከዘይላ ተነሥቶ በፈረስ ሃያ ቀን ያህል በረሃውን አቋርጦ በታኅሣሥ ወር ሐረር ገባ። ያን ጊዜ ከተማችንን ግብፆች ይገዟት ነበር።

እንግዲህ የሃያ ስድስት ዓመቱ ወጣት የገጠመውን ሥራ አስቡት። ቡናው በፈረሱላ ይመዘናል፤ ቆዳው በቍጥር ይገዛል፤ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ በየራሳቸው መስፈሪያ ናቸው። ገንዘቡ ጠገራ ብር ነው። ጠገራ ብር ደግሞ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ስለ ሆነ በሚዛን ላይ እንደ ወቄት ያገለግል ነበር። የንግድ ቤቱ መዝገብ ግን በፍራንክና በኪሎ ይያዛል። ስለዚህ ራምቦ በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ነበረበት። የሒሳብ መምህራችን ባለፈው ዓመት ይህንኑ አሠርተውናል፤ በዛሬው ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለ ሆነ፣ 60 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ 3 ፈረሱላ ሆኖ 9 ኪሎ ይተርፋል። እኛ በክፍል ውስጥ በሁለት የቲማቲም ጣሳ፣ በአንድ ዱላና በሲባጎ ሚዛን ሠርተን፣ ከየቤታችን ባመጣነው ቡና መዘንን። አካፍሎ ቀሪ ማግኘት የሚባለው ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ራምቦ ግን እንዲህ የሚያሳየው መምህር አልነበረውም። የነበረው ፖስታ ብቻ ነው። ገና ከኤደን ሳይነሣ፣ ከዚያም ሐረር ከገባ በኋላ፣ ለእናቱና ለእኅቱ በደብዳቤ የጠየቃቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰውን ያስደንቃል። የማዕድን ማቅለጥ፣ የውኃ ሥራ፣ የግንበኝነት፣ የአናጢነት፣ የቆዳ ፋቂነት፣ የቍልፍ ሠሪነት፣ የሸክላ ሥራ፣ የሻማ ሥራ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ፈለገ። በ1881 ዓ.ም. በጥር ወር ከሐረር ለአንድ የፓሪስ መሣሪያ ሠሪ ጽፎ፣ የሒሳብ፣ የሥነ ፈለክና የመካኒክ መሣሪያዎች ካታሎግ እንዲላክለት ለመነ። ዓመት ቆይቶም ስለ ሐረርና ስለ አካባቢዋ ለጂኦግራፊ ማኅበር መጽሐፍ ልጽፍ ነው ብሎ፣ ቴዎዶላይት፣ ሴክስታንት፣ ኮምፓስ፣ የኪስ ባሮሜትር፣ የቀያሽ ገመድና የትሪጎኖሜትሪ መጽሐፍ እንዲገዛለት ለዚያው የልጅነት ጓደኛው ጻፈ። ደብዳቤው በእናቱ በኩል የተላከ ስለ ነበረ እርሷ ለጓደኛው ሳታደርሰው ቀረች። ገንዘቡ በከንቱ እንዳይጠፋ ፈርታ ይሆናል፤ እናቶቻችን ይህን ሲያነብቡ የሚፈርዱት ለማን እንደ ሆነ ግን አላውቅም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። ቴዎዶላይት ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ ነው። ራምቦ የዛፍ ወይም የተራራ ከፍታ ለማወቅ ይህን ውድ ዕቃ ከፓሪስ መጠበቅ ነበረበት። እኛ አምና በስልክ ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን ትምህርት ተከትለን በፕሮትራክተር፣ በክርና በአንዲት ጠጠር ማዕዘን መለኪያ ሠራን። የባንዲራውን ምሰሶ ጫፍ በፕሮትራክተሩ ጠርዝ እያነጣጠርን ክሩ 45 ዲግሪ እስኪያሳይ ድረስ ወደ ኋላ ሄድን፤ ከምሰሶው ሥር እስከ እግራችን ያለውን ርቀት ለክተን፣ ከመሬት እስከ ዓይናችን ያለውን ቁመት ደመርንበት፤ የምሰሶው ቁመት ያው ሆነ። የ45 ዲግሪ ታንጀንት 1 ነው የሚለው ቃል ለካ ይህ ነው! ክርና ጠጠር በራምቦም ዘመን በሐረር ሞልቶ ነበር፤ ያጣው እንዲህ አድርግ የሚለውን ሰው ነው።

በ1883 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሐረር በተመለሰ ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሻ ይዞ መጥቶ፣ ከከተማችን እጅግ ከቈዩት ፎቶግራፎች መካከል ጥቂቶቹን አነሣ፤ የራሱንም አነሣ። በዚያው ዓመት ስለ ኦጋዴን አገር ያዘጋጀውን ዘገባ የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 ዓ.ም. አሳተመለት። በ1883 ዓ.ም. በግንቦት ወር ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ የልቡን ምኞት ገልጿል። ትዳር ይዞ አንድ ወንድ ልጅ ቢወልድ፣ ቀሪ ዕድሜውን ልጁን በዘመኑ በሚገኘው ትምህርት ሁሉ በማሳደግ እንደሚያሳልፍ፣ ልጁም በሳይንስ ኃይል ኃያልና ባለጸጋ፣ የታወቀ መሐንዲስ ሲሆን ለማየት እንደሚመኝ ጻፈ። ሻርልቪል ላይ የሒሳብ ሰዓቱን በላቲን ያሳለፈው ልጅ፣ ሐረር ላይ ለልጁ የተመኘው መሐንዲስነት ነበር። ልጁ ግን አልተወለደም።

ንግዱም አልቀናውም። በ1885 ዓ.ም. ግብፆች ከሐረር ሲወጡ ራምቦ ከላባቱ ጋር ተስማምቶ፣ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ለማድረስ ወደ ታጁራ ሄደ። የጦር መሣሪያ ንግድን ላመሰግን አልመጣሁም፤ ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነበረ፤ ለአንድ ጠመንጃ 29 ጥይት ይደርሳል ማለት ነው። በታጁራ አንድ ዓመት ያህል ሲጠብቅ ላባቱ ሞተ። በየካቲት ወር 1887 ዓ.ም. አንኮበር ቢደርስ ንጉሡ አልነበሩም፤ በጥር ወር በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ዕቃው በጅምላ 14,000 ጠገራ ብር ተገመተ፤ ከዚያ ላይ የሟቹ የላባቱ ዕዳ እየተነሣ ተቀነሰ። ሌሎች ባለ ዕዳዎችም ተሰልፈው መጡ። በመጨረሻ የ9,000 ብር መክፈያ ወረቀት በሐረር ገዢ በደጃዝማች መኰንን ላይ ተጻፈለት። ወረቀት ለምን? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ 9,000 ጠገራ ብር ሲመዘን 252 ኪሎ ከግማሽ ያህል ይመጣል፤ ይህን ብር በዚያ መንገድ ማን ይሸከመዋል?

ከእንጦጦ ወደ ሐረር ከፈረንሳዊው መንገደኛ ከቦረሊ ጋር ሲመጣ የእያንዳንዱን ቀን ጉዞ በኪሎ ሜትር እየገመተ ጻፈ፤ ማስታወሻውም ለጂኦግራፊ ማኅበር ቀረበ። ቴዎዶላይቱ ባይመጣም በእግሩና በሰዓቱ ለካው። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የማከብረው ይህን ነው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከካይሮ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ያለውን 16,000 ፍራንክ ከጥቂት መቶ በወርቅ አድርጎ በወገቡ እንደ ታጠቀው፣ ክብደቱም ስምንት ኪሎ እንደሚሆንና ሆዱን እንዳሳመመው አማረረ። መምህራችን ይህን ሲነግሩን እስቲ አረጋግጡ አሉን። የዘመኑ የ20 ፍራንክ ወርቅ 6.45 ግራም ይመዝናል፤ 16,000 ፍራንክ 800 ወርቅ ነው፤ 800 ጊዜ 6.45 ግራም 5 ኪሎ ከ160 ግራም ይሆናል። ሦስቱ ኪሎ ግድም ከየት መጣ? አንዱ ተማሪ ቀበቶው ነው አለ፤ ሌላው ምሬቱ ነው አለ። በጠመንጃው ንግድ ከሰርሁ ማለቱንም፣ በኋላ ሒሳቡን የመረመሩ አንዳንድ ጸሐፊዎች አያምኑለትም።

በ1888 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ሐረር ተመልሶ፣ የኤደኑ ነጋዴ የሴዛር ቲያን ወኪል ሆኖ ሱቅ ከፈተ። ቡና፣ ቆዳ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ እየገዛ፣ ጨርቅና የቤት ዕቃ እየሸጠ ሦስት ዓመት ኖረ። ኑሮው የቍጥብ ሰው ኑሮ ነበር። ከሁሉም ይልቅ የሚያምነው ጃሚ የሚባለውን ሐረሬ አገልጋዩን ነበር፤ ሲሞትም 3,000 ፍራንክ ተናዞለታል። ይህ ሁሉ ሲሆን በፓሪስ ግጥሞቹ እየታተሙ ስሙ ይነሣ ነበር፤ በሐረር ገበያ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1891 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀኝ ጕልበቱ አበጠ። መራመድ ባቃተው ጊዜ ንግዱን በኪሳራ ዘግቶ፣ ራሱ ባቀደው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ በዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ሚያዝያ 7 ቀን ከሐረር ወጣ። 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በዝናብና በሕመም አልፎ በ12ኛው ቀን ዘይላ ደረሰ። በቃሬዛው ላይ ሆኖም የተነሡበትንና ያረፉበትን ሰዓት በየዕለቱ ይመዘግብ ነበር፤ ቃሬዛውን የጣሉትን አራት ሰዎች እያንዳንዳቸውን አንድ ብር መቅጣቱንም በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሯል። ማርሴይ እንደ ደረሰ ግንቦት 27 ቀን እግሩ ተቈረጠ። ራስ መኰንንም ይህን ሰምተው በሐምሌ ወር ከሐረር የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉለት። በሽታው ግን በሰውነቱ ሁሉ ተሠራጭቶ ነበር።

ኅዳር 9 ቀን፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ አእምሮው እየዋለለ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ዲሬክተር ደብዳቤ አጻፈ። እኅቱ ኢዛቤል በአጠገቡ ነበረች። ደብዳቤው የሚጀምረው የዝሆን ጥርስ በመቍጠር ነው፤ አንድ ጥርስ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎም ሁለት። ድምሩን አልጻፈም። ከዚያ በኋላ፣ ወደ መርከቡ በስንት ሰዓት እንደሚወስዱት እንዲነግሩት ጠየቀ። በማግሥቱ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ።