የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ሞሆሮቪቺች

በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሌሊት ቤታችንን በነቀነቀው ጊዜ፥ ከእግራችን በታች ምን ይሆን ያለው ብዬ አሰብሁ። መልሱን ስፈልግ የአንድ ሊቅ ታሪክ አገኘሁ፤ እነሆ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች አቀርባለሁ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድርያ ሞሆሮቪቺች በ1857 ዛሬ ክሮኤሽያ በምትባለው አገር፥ በቮሎስኮ የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። አባቱ የመርከብ መልሕቅ የሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ግን ትምህርት ወዳድ ነበርና በ15 ዓመቱ ኢጣልያንኛ፥ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያውቅ ነበር። በፕራግ ሒሳብና ፊዚክስ ከተማረ በኋላ ብዙ ዓመት በመምህርነት ሠራ። ቀጥሎም በዛግሬብ የአየር ጠባይ መመርመሪያ ጣቢያ ኀላፊ ሆኖ፥ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች አስመጥቶ አቆመ።

ኦክቶበር 8 ቀን 1909 ከዛግሬብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኩፓ ወንዝ ሸለቆ ምድር ተናወጠች። ሞሆሮቪቺች ከልዩ ልዩ ጣቢያዎች መዝገብ ሰብስቦ ሲመረምር፥ በአንዳንዶቹ ዘንድ አንዱ ዐይነት ሞገድ ሁለት ጊዜ ደርሶ አገኘው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በጭቃ አቋራጭ ሲሄድ ባልንጀራው በአስፋልት ዞሮ ቢሮጥ፥ አገሩ ሩቅ ከሆነ የዞረው ይቀድማል። እንዲሁም አንዱ ሞገድ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፥ ሌላው ወደ ታች ወርዶ በጥቅጥቁ ዐለት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥና ተመልሶ ይወጣል። ሞሆሮቪቺች ጉድጓድ ሳይቆፍር፥ ሰዓት ብቻ ቆጥሮ፥ ቅርፊቱ የሚያልቅበትን ወሰን አገኘ። በዚያ አካባቢ ጥልቀቱን 54 ኪሎ ሜትር ገምቶ በ1910 አሳተመ። ወሰኑም በስሙ ሞሆ ተባለ።

በ2003 የአገራችንና የውጭ አገር ሊቃውንት በስምጥ ሸለቆአችን ፈንጂ አፈንድተው ሞገዱን ሲከታተሉ፥ ከፈለጉት ነገር አንዱ ይኸው ወሰን ነበር። ቅርፊቱ ከምዕራቡ ደጋ በታች 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲወፍር፥ በሰሜን አፋር ከ20 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ምድራችን እንደሚሳብ ሊጥ እየተለጠጠች መሳሳትዋ ከዚህ ታወቀ።

ሞሆሮቪቺች ሕንፃዎች መናወጥን እንዲችሉ ሆነው መሠራት እንዳለባቸውም አስተምሮ ነበር። በ1936 በዛግሬብ ዐረፈ።

እኔም ፍርሃቴ ፈጽሞ ባይለቀኝ፥ የምፈራውን ዐውቄአለሁ። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጎዳው ምድር ስለ ተናወጠች ብቻ ሳይሆን ደካማ ቤት ስለሚወድቅበት ነው። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ከእኛ መካከል ምድርን የሚያዳምጥና ጽኑ ቤት የሚሠራ ይነሣ፤ የማን ልጅ ነው ብለንም አንናቀው።